እትዬ ዘርፌ ያልዋጡት ኪኒን

ባለፈው ጥቅምት ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ነበር። ያረፍኩበት ቤት የወባ መድኃኒት የተረጨው በዋዜማው ነው፤ ግድግዳው ገና አልደረቀም፣ አልጋውና ሣጥኑም ደጅ ወጥቶ ተደርድሯል። በሩን ገፋ አድርጌ ስገባ ያ እርጥብ ጭቃና ነጭ ጋዝ የተደባለቀበት የሚመስል ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ወዲያው ክንዴን ማከክ ጀመርኩ። ሙሽራዋ አይታኝ፣ "ትንኝ ነክሶሽ ነው?" አለችኝ።

"አይደለም፤ ጋሽ ሰይድ ትዝ ብለውኝ ነው" አልኳት።

ማን እንደሆኑ አታውቅም። ፈገግ ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ጋሽ ሰይድን ያወቅኳቸው አምስተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት ነው። ጊዜው የደርግ ነው። እኛን ልጆቹን የሚያሳስበን የሰልፍ ቀን የምንለብሰው ልብስና የመዝሙሩ ግጥም ነበር፤ ትልልቆቹ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ ስለ ዘመቱ ልጆቻቸው ያወራሉ። እኔ ግን ያንን ዓመት የማስታውሰው በወባው ነው። ክረምቱ አለቅጥ ዘንቦ የሮቢ ወንዝ ሞልቶ ወጣ፤ ውኃው ሲሸሽ በየማሽላው ማሳ ዳርና በየመስኖ ቦዩ ጎን ኩሬ ትቶ ሄደ። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ለሦስት የምንቀመጥበት ዴስክ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ሁለቱም ጓደኞቼ ቤታቸው ተኝተው ይንቀጠቀጡ ነበር።

አንድ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ የአማርኛ አስተማሪያችን መምህር ግርማ ወደ ፊት ወጡና የአገልግሎት ክበብ መቋቋሙን ነገሩን። መምህር ግርማ ከአዲስ አበባ ተመድበው የመጡ፣ ሙቀቱን ያልለመዱ፣ መሐረብ ከእጃቸው የማይለይ ቀጭን ሰው ነበሩ። ክበብ ሲሉ እኔ የመሰለኝ ክብ ሠርቶ መዝፈን ነው። ስሜን ከሁሉም ቀድሜ አስመዘገብኩ። በነጋታው አካፋ አስያዙኝ። ያን ቀን ያየሁት ክብ ነገር ቢኖር የምንደፍነው ኩሬ ብቻ ነበር።

ሥራ አላጣንም። ኩሬ ደፈንን፤ ውኃ የሚያቁር ጣሳና ስባሪ እንስራ ከየጓሮው ለቀምን፤ የቦዩን ዳር ሣር አጨድን፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ለታመመበት ውኃ ቀዳን። የሠራነውን በየሳምንቱ በግድግዳ ጋዜጣ እናወጣለን። ጋዜጣው አንድ ትልቅ ነጭ ወረቀት ነው። የሚለጠፈው ከትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ስለሆነ ወላጅም መንገደኛም ቆሞ ያነበዋል። ጽሑፌ ስለሚያምር ዜናውን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። "የክበባችን አባላት ከገበያው በታች ያለውን ኩሬ በድል አድራጊነት ደፈኑ" ብዬ ጻፍኩ። "በድል አድራጊነት" የምትለውን ከሬዲዮ ነው የቀዳኋት። በጣም ስለወደድኳት ሣር ስናጭድም፣ ውኃ ስንቀዳም አስገባት ነበር።

ጋሽ ሰይድ ተማሪም አስተማሪም አልነበሩም። ጡረታ የወጡ የወባ ሠራተኛ ናቸው። ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬ ባለው ቆላ የመድኃኒት መርጫውን በጀርባቸው አዝለው ከቤት ቤት ሲዞሩ ኖረው ጀርባቸው ጎብጧል። ሥራውን ከተዉ በኋላም ልብሳቸው ያንኑ መድኃኒት ይሸታል። መምህር ግርማ እንዲያስተምሩን ለምነዋቸው አንድ ቀን መጡ፤ ከዚያ ወዲያ አልቀሩም።

መጀመሪያ ያስተማሩን ስለ ኪኒኑ ነው። "በሽተኛው ጤና ጣቢያ ሄዶ የመጀመሪያውን ቀን እዚያው ይውጣል። የቀረውን ተሰጥቶት በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ቤቱ ይውጣል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው" አሉን። "ትኩሳቱ በረድ ሲልለት፣ ኪኒኑ ደግሞ እንደ ሬት ሲመረው ይተወዋል። ወባው እኮ ተኛ እንጂ አልሞተም። ወላሂ፣ ሲነሳ ብሶበት ነው የሚነሳው።"

"መዋጡን በምን እናውቃለን?" አልኳቸው።

"ዓይንሽ እያየ ይዋጥ። ደሞ የዋጠ ሰው ያሳክከዋል፤ ሰውነቱን ሲፎክት ታዪዋለሽ።"

እኔ የሚያሳክከው ትንኞቹ በቆዳ ቀዳዳ እየወጡ ነው ብዬ ነበር የተረዳሁት። ከጥቂት ቀን በኋላ ራሴ ታምሜ በዋጥኩ ጊዜ ክንዴን ገልጬ ትኩር ብዬ ሳይ ዋልኩ። አንዲትም አልወጣችም።

ስድን የበሽተኞችን ቤት ለመዞር ለሁለት ለሁለት ተከፋፈልን። ለእኔና ለጋሽ ሰይድ ከአስፋልቱ በታች ያለው ሰፈር ደረሰን። ጤና ጣቢያው የሰጠንን የበሽተኞች ስም በደብተር እንይዛለን፤ ከስሙ ፊት ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ቀን ቦታ አለ፤ በሽተኛው ሲውጥ ራይት አደርጋለሁ። ጋሽ ሰይድ ብቻዋን ያለች ሴት ቤት አይገቡም። ከአጥሩ ጥግ ካለ ቁርቁራ ዛፍ ሥር ቆመው "ዋጠች?" ይላሉ። እኔ ከውስጥ "ዋጡ!" ብዬ እጮሃለሁ። እንሄዳለን።

ብቻቸውን ከሚኖሩት አንዷ እትዬ ዘርፌ ነበሩ። ባላቸው ሞተዋል። አንድ ልጃቸው ደምሴ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ከሄደ ዓመት አልፎታል። ደምሴን አውቀዋለሁ፤ የግቢያቸውን ቁርቁራ ፍሬ እያራገፈ ለሰፈር ልጆች የሚያከፋፍል ረጅም ልጅ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ስሄድ እትዬ ዘርፌ መደብ ላይ ተቀምጠው ማሽላ ይለቅማሉ። ኪኒኑን አፋቸው ውስጥ ከተቱ፤ ውኃ ተጎነጩ። ጋሽ ሰይድ ከደጅ ጠየቁ፣ እኔ መለስኩ፣ ራይት አደረግኩ። በሦስተኛው ቀን ግን ውኃውን እንደ ጠጡ ሳል ያዛቸው። ሲስሉ አንዷ ኪኒን ነጭ እንደሆነች ከአፋቸው ወጥታ መደቡ ላይ ወደቀች።

ተያየን። እትዬ ዘርፌ የቀረውን ከጉንጫቸው ሥር በጣታቸው አወጡና በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት። ከትራሳቸው ሥር የክብሪት ቀፎ ስበው ከፈቱ። ጥጥ ተነጥፎበታል። ጥጡ ላይ ትናንት የዋጡት የመሰለኝ ኪኒን ተኝቷል።

"ለደምሴ ነው" አሉኝ ቀስ ብለው። "ቆስሎ የተመለሰ አንድ ሰው ነግሮኛል። እዚያ በረሃ ከጥይቱ ይልቅ ወባው ነው የፈጀን አለኝ። ሰው ሳገኝ እልክለታለሁ።"

"እርስዎስ?"

"እኔማ ድኛለሁ። ይኸው ንኪኝ።"

ግንባራቸውን ነካሁ። እውነትም ቀዝቃዛ ነበር።

"ዋጠች?" አሉ ጋሽ ሰይድ ከውጭ።

እትዬ ዘርፌ እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ። "ለማንም አልናገርም፣ ደምሴ ይሙት በይ።"

"ደምሴ ይሙት" አልኩ። ከዚያ ወደ በሩ ዞሬ "ዋጡ!" ብዬ ጮህኩ።

በመንገድ ላይ ጋሽ ሰይድ "ስታክ አየሻት?" አሉኝ።

"አዎ፣ እዚህ እዚህ ጋ" ብዬ የራሴን አንገት አከክሁላቸው።

በዚያው ሳምንት ከአውራጃ ገምጋሚዎች ሊመጡ እንደሆነ ተነገረን። የየትምህርት ቤቱን ክበብ አይተው ለተሻለው ሽልማት ይሰጣሉ ተባለ። መምህር ግርማ ደብተሮቻችንን ሰብስበው አገላበጡ። ባዶ ቦታ የለም። ፊታቸው በራ። "ትርንጎ፣ ይህን በትልልቁ ጻፊው" አሉኝ። ጻፍኩ፦ "ክበባችን በሚሠራባቸው ሰፈሮች ሁሉ መድኃኒቱን ሳይውጥ የቀረ አንድም ሰው የለም።"

መምህር ግርማ አነበቡትና፣ "ምነው በድል አድራጊነት የምትለዋን ተውሻት?" አሉ።

"ቦታ ጠበበኝ" አልኳቸው። ቦታስ ነበር።

ገምጋሚዎቹ ሰኞ ሊመጡ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እናቴ "ዘርፌ ወድቃለች!" እያለች ወደ ደጅ ሮጠች። ተከተልኳት። አራት ጎረቤቶች እትዬ ዘርፌን በቃሬዛ ተሸክመው ወጥተው ነበር። ዓይናቸው ተገልጧል፣ ግን አያይም። ጥርሳቸው ተነካክሷል። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እናቴ ነጠላዋን ከላያቸው ዘርግታ ከጎን ከጎን ትሮጣለች። ጋሽ ሰይድም ሰምተው ኖሮ ከመንገድ ላይ ደብተሩን ይዘው ተቀላቀሉን።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የነበረው መርፌ የሚወጋው ጤና ረዳት፣ ድሬሰሩ ብቻ ነው፤ ገና ወጣት ነው። ደም በመሣሪያ የሚያዩት ባለሙያ ያን ቀን አልነበሩም። ድሬሰሩ የእትዬ ዘርፌን ዓይን ገለጠ፤ አንገታቸውን ቀና ሊያደርግ ሞከረ።

"ወባ ታማ ታውቃለች?"

"በቅርቡ። ግን ጨርሳ ውጣለች" አሉ ጋሽ ሰይድና ደብተሩን ዘረጉለት። ሁለቱ ራይቶች ስማቸው ፊት ቁጭ ብለዋል።

ድሬሰሩ ራሱን ነቀነቀ። "እንዲህ ከሆነ ወባ አይመስለኝም። ማጅራት ገትር እንዳይሆን። ይሄ ከኔ አቅም በላይ ነው፤ ደብረ ብርሃን መሄድ አለባት።"

ደጅ ላይ ሽንኩርት የጫነ መኪና ወደ አዲስ አበባ ሊነሳ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። አንዱ ጎረቤት ሾፌሩን ሊለምን ወጣ። ሾፌሩ ከሽንኩርቱ በላይ ቦታ አለ አለ። በደብረ ሲና ወጥቶ፣ ጣርማ በርን አልፎ፣ ያ የተጫነ መኪና ደብረ ብርሃን እስኪገባ ሊመሽ ነው። ሰዎቹ ቃሬዛውን እንደገና አነሱ።

እኔ በሩ መቃን ላይ ተለጥፌ ቆሜያለሁ። ደምሴ ይሙት ብያለሁ። ከተናገርኩ ደምሴ ይሞታል። ካልተናገርኩ እትዬ ዘርፌ ሽንኩርት ላይ ተጭነው ይሄዳሉ። ከአንድ ቤት ከሁለት ሰው አንዱን ምረጪ የተባልኩ መሰለኝ። ደምሴ ሩቅ ነው፤ ፊቱም እየጠፋብኝ ነበር። እትዬ ዘርፌ ግን እዚሁ ፊት ለፊቴ ናቸው፤ ከቃሬዛው የተንጠለጠለው እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ጎኔን ነካኝ።

"አልዋጡም" አልኩ። ማንም አልሰማኝም። "አልዋጡም! ውሸት ነው! ኪኒኑ ትራሳቸው ሥር በክብሪት ቀፎ ውስጥ ነው!"

ሰዎቹ ቃሬዛውን እንደያዙ ቆሙ። እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። ድሬሰሩ መጥቶ ፊቴ ላይ በርከክ አለ።

"አንዱንም ቀን?"

"ሁለቱንም ቀን። ለደምሴ ሊልኩለት ነው።"

"አስቀምጧት" አለ ለሰዎቹ። ወደ መድኃኒት ሳጥኑ ሲሄድ እየሮጠ ነበር።

የወባውን መርፌ ወጋቸው። እናቴ ጨርቅ በውኃ እየነከረች ደረታቸውንና እግራቸውን ስታብስ ዋለች። አንዴ ሰውነታቸው እንደ ቀስት ተወጥሮ ሁለት ሰው ያዛቸው። ሁለተኛው መርፌ ከተወጋ በኋላ፣ ፀሐይ ወደ መጥለቂያው ስታዘቀዝቅ ከንፈራቸውን አላወሱ። "ውኃ" አሉ። ድሬሰሩ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ።

ወደ ቤት ስንመለስ ጋሽ ሰይድ ከጎኔ ነበሩ። እንዲቆጡኝ ጠበቅኩ፤ አልተቆጡኝም። የተናገሩት ወደ ሰፈራችን መታጠፊያ ስንደርስ ነው።

"እኛ የረጨንበትን ቤት በር ላይ በጠመኔ ምልክት እናደርግ ነበር። አንድ ጊዜ ወደ አጣዬ ግድም መድኃኒት አለቀብኝ። ደክሞኛል፤ የቀረችው አንድ ቤት ናት። ምልክት አድርጌባት ሄድኩ።"

"ከዚያስ?"

"በዓመቱ ስመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። አገር ለቀው ይሁን ምን ሆነው አልጠየቅሁም። እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።" ደብተሩን ሰጡኝ። "ደብተሩ ዋጠች ሲል ሐኪሙ ያምነዋል፤ ሌላ የሚያየው ነገር የለውም። ግድግዳው ላይ የጻፍሽውንም ሰው ያምነዋል።"

እሑድ ወደ መምህር ግርማ ቤት ሄጄ ሁሉን ነገርኳቸውና ጋዜጣው እንዲስተካከል ጠየቅኩ። መሐረባቸውን አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ። "ነገ ሰዎቹ ይመጣሉ። እስኪሄዱ ይቆይ፤ ከዚያ እናርመዋለን" አሉ። ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም፤ የፍርሃት ነበር። ያኔ ትልቅ ሰው አስተማሪ ሆኖ ምን ያስፈራዋል ብዬ ገረመኝ።

ሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። ወረቀቱን መቅደድ አልደፈርኩም። ከመስመሩ በላይ በእርሳስ፣ በደቃቁ፣ "ከአንድ ሰው በቀር" የሚል ጨመርኩበት። ማንም የሚያየው አልመሰለኝም።

ከገምጋሚዎቹ አንዷ ወፍራም መነጽር ያደረጉ ሴት ነበሩ። ከወረቀቱ ጋር አፍንጫቸው እስኪገናኝ ተጠግተው አነበቡ። "ከአንድ ሰው በቀር ይላል። ይህ ሰው ማነው?" ብለው ዞሩ።

መምህር ግርማ ፊታቸው አመድ መሰለ። እጄን አወጣሁ። "እኔ ነኝ የዋሸሁት። አንድ እናት ሳይውጡ ዋጡ ብዬ ጻፍኩ። ታመው ጤና ጣቢያ ናቸው።"

"አሁንስ እንዴት ናቸው?"

"ትናንት ሾርባ ጠጡ።"

ሴትዮዋ የሆነ ነገር ማስታወሻቸው ላይ ጻፉና ወደሚቀጥለው ክፍል አለፉ። ሽልማቱ ለሌላ ትምህርት ቤት ሄደ። መምህር ግርማ ለሁለት ሳምንት ዜና አላስጻፉኝም፤ በሦስተኛው ሳምንት ቀለሙንና ብዕሩን ዴስኬ ላይ አስቀምጠውልኝ ሄዱ። ጋሽ ሰይድም ከዚያ በኋላ ቁርቁራው ሥር መቆሙን ተዉ። እስከ ደጃፉ ይመጡና ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው፣ "አፏን ትክፈት በያት፤ ከምላሷም ሥር እዪ" ይላሉ።

የኔ ጭንቀት ግን ገና መጀመሩ ነበር። መሐላ አፍርሻለሁ። ከቀበሌ ሰው ወደ ሰፈራችን ሲመጣ ባየሁ ቁጥር የደምሴን መርዶ የያዘ እየመሰለኝ ጓሮ እደበቃለሁ። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ጋሽ ሰይድን ጠየቅኳቸው።

"እገሌ ይሙት ተብሎ መሐላው ቢፈርስ ሰውየው ይሞታል?"

"አላህ ሰው የሚወስደው ያንቺን አፍ እየጠበቀ ነው እንዴ?" አሉኝ።

ትንሽ ቀለል አለኝ። በኋላ ግን መሐላው የክርስቲያን ስለሆነ እሳቸው ላያውቁት ይችላሉ ብዬ አሰብኩና ተመልሼ ተጨነቅኩ።

እትዬ ዘርፌ ከጤና ጣቢያ ሲወጡ ላያቸው አልሄድኩም። ያስጠሩኝ ኅዳር ሊያልቅ ሲል ነው። ከደሴ በኩል የመጣ ሾፌር ደብዳቤ አምጥቶላቸዋል፤ መሠረተ ትምህርት ተምረው ፊደል ቢለዩም የእጅ ጽሑፍ ይከብዳቸዋል። ስገባ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል፤ ነጠላው ትከሻቸው ላይ አልቆም ብሏል። ደብዳቤውን ዘረጉልኝ። ከፖስታው ሳወጣው የላይኛውን መስመር ትቼ መጀመሪያ ያየሁት ታቹን ነው። "ልጅሽ ደምሴ" ይላል። እግራቸው ሥር ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

"ምነው? ምን ይላል?" አሉ ደንግጠው።

"ራሱ ነው የጻፈው። በሕይወት አለ።"

"ታዲያ አንብቢዋ!"

አነበብኩ። ለጤናው ደህና ነው። ያለበትን ቦታ መጻፍ አይፈቀድለትም። "እናቴ ሆይ፣ አገሩ ተራራ ነው። ጣርማ በር ላይ የሚነፍሰውን ብርድ ታውቂው የለ? እሱ እዚህ የቀን ሙቀት ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ኮዳችን ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ ይገኛል። ከብርዱ የተነሳ ትንኝ እንኳ አይኖርበትም።"

"ትንኝ የለም ነው ያለው?"

"የለም ይላል።"

"ድገሚው።"

ደገምኩት። እትዬ ዘርፌ ትራሳቸው ሥር እጃቸውን ሰደው የክብሪቱን ቀፎ አወጡ፤ ይዘውት ቆዩ። ከዚያ ሳቅ ጀመራቸው። ሳቁ ሰውነታቸውን እያንቀጠቀጠ ሄዶ ሄዶ ወደ ልቅሶ ተለወጠና ዓይናቸውን በነጠላቸው አበሱ። ቀፎውን እጄ ላይ አስቀመጡ።

"ለድሬሰሩ መልሺለት፤ ለሚፈልገው ሰው ይሁን" አሉኝ። ከዚያ ተነስተው ከቆጡ ላይ ያልተፈለቀቀ ጥጥ የሞላበት ጆንያ አወረዱ። ለመሸከም አቅም ስላልነበራቸው አብሬያቸው ያዝኩ።

"ብርድ" አሉ ለራሳቸው፣ ቃሉን እንደ አዲስ ነገር እየቀመሱ። "ልጄ እኮ ብርድ አያውቅም። ቆላ ያደገ ልጅ።" ወደ እኔ ዞሩ። "እጅሽ ፈጣን ነው። ነገ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ጥጥ ልትፈለቅቂልኝ ትመጫለሽ?"

"እመጣለሁ" አልኳቸው።

"ደምሴ ይሙት በይ" ሊሉኝ አፋቸውን ከፍተው ተዉት። "እሺ፣ ነይ" አሉኝ ብቻ።

በነጋታው ሄድኩ። ለደምሴ የሚላከው ጋቢ እስኪያልቅ ድረስም በየቀኑ ሄድኩ።